ስለ ቀዝቃዛው እሳትና ስለ አባቴ እግር

የመጽሔታችን አዘጋጆች «አንተ ደግሞ ስለ ሳይንስ አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ፣ ስለ ፕላዝማ እጽፋለሁ አልኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሳቀና «ስለ ቴሌቪዥኑ ነው?» አለኝ። አልፈረድሁበትም። በአገራችን ፕላዝማ የተባለ እንደ ሆነ፣ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተሰቅሎ በሳተላይት ትምህርት ሲያስተላልፍ የነበረው ሰፊ መስታወት ነው። ታላቅ እህቴ ፊዚክስ የተማረችው በእርሱ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ትምህርቱን ይቀጥላል እያለች ታስቀናለች።

ዳሩ ግን መስታወቱ ስለ ምን ፕላዝማ እንደ ተባለ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ እስከ አምና ድረስ አልጠየቅሁም ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በዚያ መስታወት ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ኒዮንና ዜኖን የሚባሉ ጋዞች ታሽገውባቸዋል። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ጋዞቹ ወደ ፕላዝማ ይለወጣሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ለዓይን የማይታይ ጨረር የክፍሎቹን ቀለም ያበራዋል። ስለዚህ እህቴ ሳታውቀው ፕላዝማን ስትመለከት ኖራለች ማለት ነው።

በክፍላችን ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ይሆናል ብለን ተምረናል። በረዶ ቢሞቅ ውሃ ይሆናል፤ ውሃም ቢሞቅ እንፋሎት ይሆናል። ጋዙን ደግሞ በብርቱ ሙቀት ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ያስጨነቁት እንደ ሆነ፣ ከአተሞቹ ላይ ኤሌክትሮኖች እየተላቀቁ ይወጣሉ። የተላቀቁት ኤሌክትሮኖችና ኤሌክትሮን የጎደላቸው አተሞች በአንድነት ሲሆኑ፣ ብርሃን የሚሰጥና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አራተኛ ሁኔታ ይፈጠራል። ለዚህ ነገር ፕላዝማ የሚለውን ስም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ያወጣለት ኢርቪንግ ላንግሚዩር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ሐኪሞች ፕላዝማ የሚሉት የደም ውሃ ሌላ ነገር ስለ ሆነ አንባቢ እንዳያምታታቸው እለምናለሁ።

ፀሐይ ፕላዝማ ናት። በሚያዝያ ዝናብ በሊበን ሜዳ ላይ የሚወርደው መብረቅ ፕላዝማ ነው። በሱቆች ጣራ ሥር የሚበራው ረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንት አምፖል በውስጡ ፕላዝማ አለው። ለእኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የቀረበኝ በአባቴ እጅ ያለው ነው፤ አባቴ በነገሌ ቦረና ከተማ በያጅ ናቸው።

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የመጣ የጭነት መኪና ነገሌ ሲደርስ አንድ ነገሩ ሳይሰበር አይቀርም። ከዚያ ደግሞ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ቆላ መውረድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሾፌሮቹ የአባቴን ቤት ያውቁታል። የውሃ ቦቴው ሲያፈስ፣ የከብት መጫኛው በር ሲገነጠል፣ የአህያ ጋሪው ብረት ሲሰበር ወደ እርሳቸው ይመጣል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ደጅ ሲነገር የሚዋል ቤት ነው። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ነክቶ ጥቂት ሲርቅ በመካከሉ የሚበራው ያ ዓይን የሚያሳውር ብርሃን ከ5,000 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ፕላዝማ ነው። በልጅነቴ ያለ መነጽር ተመልክቼው ሌሊቱን ሁሉ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ስጮህ አድሬአለሁ። እንግዲህ የእንጀራችን ምንጭ ሙቁ ፕላዝማ ነው።

አምና በጥቅምት ወር አባቴ የመኪና ተጎታች ሲበይዱ የቀለጠ ብረት ጠብታ በተቀደደው ጫማቸው ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ጫማውን ይጥል ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ማታ እናቴ ካልሲያቸው ከእግራቸው ጋር ተጣብቆ ባዩ ጊዜ ነው የታወቀው። ደፍረው አይደለም፤ አልተሰማቸውም እንጂ። አባቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። ይህ በሽታ ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። የደነዘዘ እግር መቁሰሉን ለባለቤቱ አይናገርም፤ ደሙ በደንብ የማይደርሰውም ቁስል ቶሎ አይድንም። ስኳር የበዛበት ደም ደግሞ ከጀርም ጋር የሚዋጉትን የሰውነት ወታደሮች ያደክማቸዋል። ሳንቲም የማያህለው ቁስል ኅዳር አለፈው፣ ታኅሣሥ አለፈው፣ ጥርም ገባ።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ቀዝቃዛ ፕላዝማ የሚናገር ጽሑፍ የሰጡኝ በዚያ ጊዜ ነው። የሰጡኝ ስለ አባቴ አውቀው ሳይሆን፣ «ሙቀትና የሙቀት መጠን አንድ ናቸው ወይ?» ብዬ በክፍል ስለ ጠየቅሁ ነው። እኔ ግን ቁስል የሚለውን ቃል ካየሁ በኋላ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። እስክሪብቶ በሚመስል ጠባብ ቱቦ ውስጥ አርጎን ወይም ሂሊየም የሚባል ጋዝ ይነፋል። በቱቦው ውስጥ ካለው ቀጭን ኤሌክትሮድ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያለው፣ አቅጣጫውን እጅግ ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ በአንዳንዱ መሣሪያ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል። ከቱቦው አፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ሐምራዊ የብርሃን መርፌ ትወጣለች። መርፌዋን በጣት ቢነኳት አታቃጥልም፤ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በታች ነው። ለዓይን ሳትቋረጥ የምትፈስ ትመስላለች፤ ነገር ግን እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ ሲያነሷት አንዷ ሌላዋን እየተከተለች በሴኮንድ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ የምትበር የጥይት ሰልፍ ሆና ተገኘች። ሊቃውንቱም «የፕላዝማ ጥይት» ይሏታል። እኔ ይህን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ሌላ ነገር አላሰብሁም።

በዚህ ጥናት ስማቸው አስቀድሞ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ሙኒር ላሩሲ ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በተራ አየር ግፊት የሚሠራ ፕላዝማ ጀርም እንደሚገድል የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ፤ በኋላም በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ኦልድ ዶሚኒየን በተባለው ዩኒቨርሲቲ «የፕላዝማ እርሳስ» የተባለችውን መሣሪያ ሠራ። የተወለደው በቱኒዚያ ነው። አፍሪካዊ መሆኑን ሳነብ ያለ ምክንያት ኩራት ተሰማኝ፤ የወንድሜን ስም በጋዜጣ ያየሁ ያህል ሆንሁ።

በዚያው ምሽት ለአባቴ ነገርኋቸው። እግራቸውን በበርጩማ ላይ ሰቅለው ቡና ይጠጡ ነበር።

«የማያቃጥል ብየዳ ነው የምትለኝ?» አሉኝ።

«አዎን አባባ፤ ከእርስዎ ብየዳ ጋር ወንድማማች ነው፤ ይሄኛው ግን ቀዝቃዛ ነው።»

«ብርሃን ካለው ይሞቃል ልጄ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው።»

ያን ጊዜ የግራይንደሩ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ብረት ሲቆርጡ የእሳት ፍንጣሪው እንደ ዝናብ በባዶ ክንዳቸው ላይ ይወርዳል። እያንዳንዷ ፍንጣሪ ቀልታ የምትበራ ብረት ናት፤ የሙቀት መጠኗ ከሺህ ዲግሪ ያላነሰ ነው። ሆኖም እጅግ ትንሽ ስለ ሆነች የያዘችው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ቆዳ ላይ ስታርፍ ወዲያው ትጠፋለች። ከኤሌክትሮዱ ሥር የምትንጠባጠበው የቀለጠች ብረት ግን ከባድ ናት፤ ሥጋ ታሳርራለች። በቀዝቃዛው ፕላዝማ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖችም እንደ ፍንጣሪዎቹ ናቸው። እነርሱ ብቻቸውን ቢመዘኑ የሙቀት መጠናቸው አሥር ሺህ ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው፤ ነገር ግን የአርጎን አተም ከአንድ ኤሌክትሮን ከ70,000 ጊዜ በላይ ይከብዳል። ዝንብ በሙሉ ፍጥነቷ በግመል ላይ ብትላተም ግመሉ አይነቃነቅም። ኤሌክትሮኖቹም ከባዶቹን አተሞች ሳያሞቋቸው እየነጠሩ ይመለሳሉ፤ ጋዙም ሳይሞቅ እየነፈሰ ይሄዳል።

ይህን ስናገር አባቴ ስኒውን አስቀምጠው ክንዳቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እግራቸው አዩ። «ገባኝ» አሉ። «ፍንጣሪውና ጠብታው።» ብዙ ተማሪ ያልገባውን ነገር አባቴ በአንድ ጊዜ ያዙት፤ በሕይወቴ እንደዚያች ሌሊት ተደስቼ አላውቅም።

ብርሃኗ በቁስል ላይ ምን እንደምትሠራም አስረዳኋቸው። ከአየር ጋር ስትገናኝ ኦዞን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ የመጨረሻው በመድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ፈሳሽ ያለበት ነው። እነዚህ የጀርሙን ሽፋን ይበሳሉ፤ የሰውነታችን ሕዋሳት ግን እንዲህ ያለውን መርዝ በልክ ከሆነ የሚያመክኑበት መከላከያ ስላላቸው ይቋቋሙታል። ልኩ ካለፈ የእኛንም ሕዋስ ይገድላል፤ በዚህም ምክንያት ሊቃውንት በነቀርሳ ሕዋሳት ላይ ይሞክሩታል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር የቆየ ቁስል ያላቸው 36 ታማሚዎች በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ በአርጎን ፕላዝማ ቢታከሙ፣ በታከመው ቁስል ላይ የጀርሙ ብዛት ካልታከመው ይልቅ በ34 በመቶ የበለጠ ቀነሰ። በዚያው አገር በግራይፍስቫልድ ከተማ የተሠራው መሣሪያ በ2013 ለሐኪም ሥራ የአውሮፓን ፈቃድ አግኝቷል። ይህን ሁሉ እንደ ምሥራች ነገርኋቸው፤ ያልነገርኋቸው ነገር ቢኖር መሣሪያውን የት እንደምናገኘው ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ቁስሉን የሚያጥቡላቸው ነርስ በየካቲት መጀመሪያ «ዳር ዳሩ ያለው የሞተ ሥጋ መነሣት አለበት፤ በምላጭ እናነሣዋለን፤ እግርዎንም ለጥቂት ሳምንት እንዳይረግጡበት» አሏቸው። አባቴም «ልጄ ያለ ምላጭ የሚያድን መብራት አለ ብሎኛል፤ እርሱ እስኪመጣ ልቆይ» ብለው ተመለሱ። ለእኔ ሲነግሩኝ በደስታ ነበር፤ የልጃቸውን ትምህርት በሰው ፊት ስለ ተናገሩ። ያን ጊዜ «የለም አባባ፣ ያ ጀርመን ነው፤ ዛሬውኑ ይመለሱ» ማለት ይገባኝ ነበር። አላልሁም። ነርሷ አላወቁም እንጂ እርሳቸውም ቢሆኑ ይስማሙ ነበር እያልሁ ለራሴ አወራሁ። የክፍል ጓደኛዬም ከአሮጌ መኪና ኮይል አውጥተን እኛው እንሥራው ብሎኝ ስለ ነበር፣ በሁለት ቀን የምንሠራው መስሎኝ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርሁ። አስተማሪያችን በሰሙ ጊዜ በጣም ተቆጡ። ያለ ጋዝና ያለ ልክ የሚወጣ የኮይል ፍንጣሪ የመኪና ካንዴላ እንጂ ሕክምና እንዳይደለ፣ ቮልቱም ሰው እንደሚገድል፣ ኦዞኑም ሳንባ እንደሚጎዳ ነግረውን ኮይሉን ቀሙን።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አባቴ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሁሉ ቆመው ሲሠሩ ነበር፤ የበዓል ሰሞን የበር ሥራ ይበዛልና። በመጋቢት ትንሿ ጣታቸው ጠቆረች። በአውቶቡስ ወደ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። ጣቷ ተቆረጠች። ሐኪሙ «ጥቂት ብትዘገዩ እግሩ ነበር» ሲሉ አባቴ ወደ እኔ አልተመለከቱም። ቢመለከቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከተመለስን በኋላ አስተማሪያችን ሌላ ጽሑፍ ፈልገው አመጡልኝ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን እንደ አባቴ ያለ የስኳር በሽታ የእግር ቁስል ባለባቸው 43 ሰዎች ላይ በጀርመን የተደረገ ጥናት ነው። ለግማሾቹ ፕላዝማ፣ ለግማሾቹ ያልበራ ጋዝ ብቻ ተሰጣቸው፤ ታማሚዎቹም የትኛው እንደ ደረሳቸው አላወቁም። ፕላዝማ ያገኙት ቁስላቸው ይበልጥ ጠበበ። የጀርሙ ነገር ግን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየበትም። እንግዲህ ብርሃኗ ቁስሉን የምትረዳው ጀርም በመግደል ብቻ እንዳልሆነ፣ ምናልባትም ሥጋውን ራሱን እንዲያድግ በመቀስቀስ እንደ ሆነ መርማሪዎች ይናገራሉ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በዚያ ጥናት ሁለቱም ወገኖች ቁስላቸው እየታጠበ፣ የሞተው ሥጋ እየተነሣ፣ እንደ ወትሮው ይታከሙ ነበር። ፕላዝማው የተጨመረው በዚያ ላይ ነው። ምላጩን የተወ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን መጀመሪያ በተሰጠኝ ጽሑፍ ውስጥም ተጽፎ አገኘሁት፤ አንብቤው ዘልዬው ኖሯል።

አሁንም ቢሆን በቀዝቃዛው ፕላዝማ ላይ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም። አርጎኑ ራሱ ሩቅ አይደለም፤ በአዲስ አበባ አሉሚኒየምና ማይዝግ ብረት የሚበይዱ ሰዎች «አርጎን ብየዳ» የሚሉት ይኸው ጋዝ ነው። ሲሊንደሩ እንደ ሌላው ዕቃ በመኪና ሊመጣ ይችላል። መሣሪያው በየቀኑ የሚፈልገው ለጥቂት ደቂቃ የማይቋረጥ መብራትና ልኩን የሚያውቅ እጅ ነው። በቆላው ከተሞች ቁስል የሚያጣ ሰው የለም፤ እሾህ አለ፣ እባብ አለ፣ ግመል ይነክሳል፣ አሁን ደግሞ የስኳር በሽታ ከከተማ ወደ ገጠር እየወረደ ነው። የፊዚክስ ትምህርት እቀጥላለሁ ብዬ አመልክቻለሁ፤ እናቴ ሐኪም ብትሆን ይሻል ነበር ይላሉ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ የሚሠራ ሥራ እንዳለ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። እርሳቸው «ባይሆን አባትህን እይ» ብለው ቁጭ ያለ መስታወታቸውን ሰጡኝ።

አባቴ አሁን ተቀምጠው ይበይዳሉ። ያልተቀደደ የቆዳ ቡትስ ገዝተንላቸዋል፤ ውፍረቱ ደስ ባይላቸውም ይጫሙታል። ቁስሉ በግንቦት መጨረሻ ገጠመ። ማታ ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ በጣቶቻቸው መካከል አድርቄ፣ የእናቴን መስታወት ከሥር ይዤ በስልክ መብራት እመለከታለሁ። ውስጥ እግራቸውን እርሳቸው አያዩትም፤ ቢወጉም አይሰማቸውም።

«ምን አየህ?» ይሉኛል።

«ምንም የለም አባባ።»

«ደህና አድርገህ እይ እንጂ» ይሉኛል፤ እኔም መብራቱን ጠጋ አድርጌ እንደገና አያለሁ።